የላሊበላ አብሮ ተጓዦቼን ታሪክ በፎቶ መጽሐፍ ላሳትም ነው፤ ሠርታችሁ የምታውቁ እስኪ ምከሩኝ

የመንገድ ስንቅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። ጉዳዬ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ከሰንበቴ ማኅበራችን ጋር ሁለት ጊዜ፣ በ2012 እና በ2015፣ ለገና ላሊበላ ሄጃለሁ። እስከ ጋሸና በመኪና፣ የቀረውን 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ በኩልመስቅ አድርገን በእግራችን። በመጀመሪያው ጉዞ ያነሳሁት ሁሉም ሰው የሚያነሳውን ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከጎን፣ እኔ ቤተ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት። በመሀል ጦርነቱ መጣ። በ2015 ስንሄድ ከቀድሞዎቹ ተጓዦች የጎደሉ ነበሩ፤ ጠይቀን መልስ ያላገኘንላቸውም አሉ። የድሮውን ፎቶ ገልጬ ሳይ የቆጨኝ ያኔ ነው። እነዚያ ሰዎች በሙሉ ጥግ ላይ፣ ደብዝዘው፣ ግማሽ ትከሻቸው ተቆርጦ ነው ያሉት።

ስለዚህ በሁለተኛው ጉዞ ቤተ ክርስቲያኑን ትቼ ሰው አነሳሁ። ማታ ማታ ባደርንበት እግራቸውን ዘርግተው ሲቀመጡ «ዘንድሮ ምን አስነሣዎት?» እያልኩ ድምፃቸውንም በስልኬ ቀዳሁ። አሁን የ31 ሰው ታሪክ፣ ዘጠኝ ሰዓት ድምፅ፣ ከ600 በላይ ፎቶ ይዤ ተቀምጫለሁ።

አንዱን ልንገራችሁ። ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ከጋሸና ጀምሮ ዘርፍ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ተሸክሞ ይሄዳል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዷ ተጓዥ «ኧረ ዘርጋውና እንጠለል» ብትለው «የእናቴ ስለት ነው። ሳታደርሰው አረፈች፤ እኔ ምን ብዬ ልጠለልበት?» አላት። እስክንገባ ድረስ አልዘረጋውም። ፊቱን እንዳነሳው አልፈቀደም። ጃንጥላውን ግን ድንጋይ ላይ አስደገፈና «እሱን አንሳው» አለኝ። ከ600ው ፎቶ ያ ይበልጥብኛል።

ሐሳቤ 70 ገጽ ገደማ የሆነ መጽሐፍ አሳትሜ ለተጓዦቹ ማደል ነው፣ ለሽያጭ አይደለም። ጥያቄዬ፦ ታሪኩን በእኔ ቋንቋ ላሳምረው ወይስ እንዳወሩት ልተወው? ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል? ለኅትመትስ ከምን ልጀምር?

ነጭ ሚዛን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ፣ ቁጭትህ ገብቶኛል። የብዙዎቻችን አልበም እንደዚያው ነው።

እኔ ስለ ፎቶው ብቻ ልናገር። መጀመሪያ ዋናዎቹን ፋይሎች ሰብስብ። ከማኅበሩ አባላት ፎቶ የምትቀበል ከሆነ በቴሌግራም «እንደ ፎቶ» እንዳይልኩልህ፤ «እንደ ፋይል» ይላኩ። እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ሆኖ ይደርስሃል። በኅትመት መለኪያ፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ ስታሰላው፣ 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያው ፎቶ ከስልኩ ሳይነካ ቢመጣ፣ ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ከሆነ 4000 በ3000 ነው፤ 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ጥርት ብሎ ይታተማል። ስልክ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ወረቀት ላይ ግን አንዱ ሰው ሌላው ጭጋግ ነው።

ሁለተኛው የእኛ አገር ተሳላሚ የተለየ ጣጣ ነው፦ ነጠላ። ካሜራው ያንን ሁሉ ነጭ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፣ ፊት ይጠቁራል። ስክሪን ከኋላው ስለሚያበራ ብዙም አይታወቅህም፤ ወረቀት ብርሃን የለውም፣ ቀለሙም ይሰርጋል፣ ዓይንና ቅንድብ አንድ ላይ ይጠፋሉ። ስለዚህ ፊቶቹን አንድ በአንድ፣ ስክሪንህ ላይ «በዛ» እስኪመስልህ ድረስ አብራቸው። ከዚያ ሁሉንም ሳታሳትም አምስት ስድስት ገጽ ብቻ በምትመርጠው ወረቀት ላይ አስወጥተህ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ እየው። እኔ ይህን ዘልዬ አንድ ሙሉ የሠርግ አልበም ደግሜ ከኪሴ ከፍዬ አሳትሜአለሁ።

ደግሞ 600ውን ወደ 60 አውርድ። ይህ ያማል፣ አውቃለሁ።

ገረመው በለኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ይቅርታና በዚህ ዘመን መጽሐፍ ለምን አስፈለገ? ቻናል ክፈትና ፎቶና ድምፁን ልቀቅ፣ በነፃ። ወረቀት ማን ያነባል?

የመንገድ ስንቅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

@ገረመው በለኝ ከ31ዱ ውስጥ 12ቱ ስልክ የላቸውም፣ ወይ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዙት። ቻናል ብከፍት ታሪኩን ከራሳቸው በቀር ሁሉም ሰው ያየዋል ማለት ነው።

ከችሎት መልስ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ስለ ፈቃድ ለጠየቅከው። «ለሽያጭ አይደለም» ብለህ አትዘናጋ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ሦስቱም ተለይተው ነው የተቀመጡት፤ ማባዛት ብቻውን በቂ ነው።

አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል። ከነዚያ አንዱ በአደባባይ የተፈጸመ ነገር ወይም ሥነ ሥርዓት ነው። ስለዚህ በገና ዕለት ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» የሚለውን ዜማ በሚያዜሙበት ሰዓት ቤተ ማርያም ዙሪያ የቆመውን ሕዝብ ብታነሳ ብዙም አያስጨንቅህም። አንዲት እናት ብቻዋን ተቀምጣ እግሯን ስታሻሽ አንስተህ፣ ከጎኑ «ልጄ ታሞብኝ ነው የመጣሁት» የሚል ቃሏን ካተምክ ግን ያ ሌላ ነው። እሱ ሥነ ሥርዓት አይደለም፣ የእሷ ሕይወት ነው።

በተግባር እንዲህ አድርግ። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት አስፈርመህ ምንም አታተርፍም። የጻፍከውን አንብብለት፣ ፎቶውን አሳየው፣ «ይህ በመጽሐፍ ታትሞ ለሌሎች ቢታደል ይፈቅዳሉ?» በልና መልሱን በድምፅ ቅዳ። ድምፅ መቅጃህ አለህ አይደል? ሕፃናት ካሉ ወላጅ ይጠየቅ። ሌላ ሰው ያነሳውን ፎቶ ካስገባህ ደግሞ መብቱ የአንሺው ነው፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይመለከተዋል፤ ከእሱ በጽሑፍ ተቀበል።

ያላገኘሃቸውን የ2012 ሰዎች በተመለከተ፣ ያለ ቤተሰብ ቃል የቅርብ ፊታቸውን አታስገባ። የጠፋ ሰው ዘመድ ፎቶውን ድንገት መጽሐፍ ላይ ሲያገኝ አስበው።

የድጓ ቤት
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

ልጄ፣ ሥራህ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ያስፈጽምህ። ነገር ግን አንድ ሁለት ነገር እንድታስብበት እወዳለሁ።

ሰው በመንገድ ላይ የሚያወራው እንደ ቤቱ አይደለም። ድካሙ፣ ጾሙ (ገና ላይ የምንደርሰው ከኅዳር 15 ጀምረን በነቢያት ጾም ከርመን ነው)፣ ማታ እሳት ዳር መቀመጡ ልብን ይከፍታል። ያን ጊዜ የነገረህን በማግሥቱ ሊቆጨው ይችላል። ስእለት ደግሞ (ሁላችሁም «ስለት» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ቢላዋው ነው የሚታየኝ) የሰው ገመና ነው። አንዳንዱ ለንስሐ አባቱ ብቻ የሚነግረው ነው። ሌላው ደግሞ «ይህን ሰጠሁ፣ ይህን ያህል ተጓዝኩ» ማለት ውዳሴ ከንቱ ሆኖበት ስሙ እንዲነሣ አይሻም። ባለ ጃንጥላው ሰው ፊቱን የከለከለህ ለዚህ ይመስለኛል።

«ተፈወስኩ» የሚል ታሪክ ካለ እንደነገረህ ጻፈው፤ አንተ ምስክር ሆነህ አታጽናው። እሱን የሚመረምሩ አባቶች አሉ።

መፍትሔ ብዬ የማስበው የክርስትና ስማቸውን ብቻ እንድትጠቀም ነው። «ወለተ ማርያም» ብትል ራሷ ታውቀዋለች፣ የንስሐ አባቷ ያውቀዋል፤ ለሌላው ግን ከብዙ ሺህ ወለተ ማርያሞች አንዷ ናት። ቤተ ክርስቲያን በጸሎት የምታስባቸውም በዚያው ስም ነው።

የመንገድ ስንቅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የክርስትና ስሙ ነገር በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። እንደዚያ አደርጋለሁ። ስእለቱንም አስተካክላለሁ።

የግሸን ጎረቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እኔ ሠርቼ አይቻለሁና ከስህተቴ ተማር፣ ወንድሜ።

የኛ ጉዞ ወደ ግሸን ነበር፣ ለመስከረም 21። ክረምቱ ገና ስላልወጣ ጭቃው ጉልበት ይይዛል። ግሸን ደብረ ከርቤን ያየ ያውቃል፤ አምባው በመስቀል ቅርጽ የተቀመጠ ነው፣ ዙሪያው ገደል፣ የመጨረሻው አቀበት ደግሞ የዋዛ አይደለም። ከአምባሰል በኩል የመጡ አንዲት እናት ስለዚያ አቀበት ሲነግሩኝ ያሉት ቃል በቃል ይኸው፦

«ልቤ እንመለስ አለኝ፤ እግሬ አልሰማውም።»

እኔ ብልጧ ምን ብዬ ጻፍኩ? «በጽኑ እምነት ተሞልቼ አስቸጋሪውን አቀበት በድል ተወጣሁት።» 20 ቅጂ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። የልጅ ልጃቸው አነበበችላቸው። ጨርሰው ሰሙና «የማን ነው ይሄ?» አሉ። «የእርስዎ ነው እኮ!» ስላቸው ልጅቷን አዩና «እኔ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም፣ ውሸት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሁሉንም እንደገና ከድምፁ ገለበጥኩ።

እንዳወሩት ተወው ማለት ግን «እ...» እና ድግግሞሹን ሁሉ ጻፍ ማለት አይደለም። ቁረጥ፣ ቅደም ተከተሉን አስተካክል፤ ቃል ግን አትጨምርባቸው። የወሎው በወሎኛው፣ የጎጃሙ በጎጃምኛው ይቅር። ለጊዜህም ተዘጋጅ፤ የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ እኔ ስድስት ሰባት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ዘጠኝ ሰዓትህን አስበው።

ሌላው ያቃጠለኝ ፊደሉ ነው። ጽሑፉን የተየብኩት በድሮው ፓወር ግዕዝ ነበር። ማተሚያ ቤት ወስጄ ፋይሉ ሲከፈት «ወለተ» የነበረው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ የዶሮ ጭረት መሰለ። ያ አጻጻፍ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የጋራ የፊደል አሠራር) ስላልሆነ ቅርጸ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አይነበብም። ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ተይብ፤ አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ኢትዮፒክን ተጠቀም። ስትሰጣቸውም ቅርጸ ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ አብሮ የገባበት ፒዲኤፍ ስጥ።

ቀን ቆጣሪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

አንድ ትንሽ ነገር። የ2012ቱን ፎቶዎች ስትገልጽ «ታኅሣሥ 29» ብለህ እንዳትጽፍ። 2011 ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ስለነበር በ2012 ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው። በ2015 ግን 29 ነው። ስልክህ ላይ ሁለቱም ጃንዋሪ 7 ብሎ ስለሚያሳይህ ቀኑ አንድ ይመስልሃል።

የመንገድ ስንቅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ወይ ጉድ! ሁሉንም 29 ብዬ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ተባረክ።

የባሌው
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡45

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ርዕሱን ሳይ ማለፍ አልቻልኩም። አያቴ ባሌ ወዳለው የድሬ ሼህ ሁሴን የተቀደሰ ስፍራ በእግራቸው ከሚሄዱት ነበሩ። ፎቶ የላቸውም። የቀረን ነገር ቢኖር በትራቸው ነው፣ ያ የዚያ መንገድ ተጓዦች የሚይዙት ባለ መንታ ጫፍ በትር። እጃቸው የያዘበት ቦታ ብቻ ለስልሶ ጠቁሯል። ቤታችን የመጣ ሰው ስለ አያቴ ሲጠይቅ በትሩን ነው የምናወርደው።

ስለ ጃንጥላው ስታወራ እሱ ትዝ አለኝ። ፊቱን ለከለከለህ ሰው ሁሉ የያዘውን ነገር አንሳ። ቋጠሮውን፣ ጫማውን፣ በትሩን። ገጹ ባዶ አይሆንም፣ ሰውየውም አይጋለጥም።

ነጭ ሚዛን
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

የባሌው ያለው ትልቅ ነገር ነው። ስታነሳ ደግሞ የመስኮት ዓይነት የጎን ብርሃን ፈልግ፤ ያ የለሰለሰው ቦታ የሚታየው በጎን ብርሃን ነው። ፍላሽ ከፊት ከተተኮሰበት ተራ እንጨት ይሆናል።

የቀረውን የኅትመት ነገር ልጨርስልህ። 70 ገጽ አትበል። ትልቁ ወረቀት ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ 64 ወይ 80 በል። ላንተ 31 ሰው ስላለ 80 ይሻላል፤ ለሰው ሁለት ሁለት ገጽ 62፣ የተረፈው ለመንገዱና ለበዓሉ። ቅጂው ጥቂት ከሆነ ዲጂታል ኅትመት ይበቃሃል፣ ኦፍሴት የሚያዋጣው ብዛት ሲኖረው ነው። በሙጫ ብቻ የተጠረዘ የፎቶ መጽሐፍ ደጋግሞ ሲገለጥ ይረግፋል። ይህ መጽሐፍ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ የሚገልጠው ነው፤ በክር ይሰፋ። ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ይሁን። ኩራዝም አምፖልም ሥር የሚያብረቀርቅ ገጽ ለሽማግሌ ዓይን አይሆንም። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚሄድ ፎቶ ካለህ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተው፣ ማሽኑ ሲቆርጥ ነጭ መስመር እንዳይቀር። ደግሞ የሰው ፊት መሀል እጥፋቱ ላይ እንዳይወድቅ፤ አፍንጫ የሚውጥ መጽሐፍ ስንት አይቻለሁ!

እግር አጣቢዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

የላሊበላ ልጅ ነኝ። እንግዳ ሲገባ በሞቀ ውሃ እግር ከሚያጥቡት ልጆች አንዷ ነበርኩ።

ሁሉም ሰው የእኛን እጅና የእንግዳውን እግር ያነሳል፤ ውሃው ውስጥ፣ ከላይ። ቆንጆ ፎቶ ነው፣ አልከለክልም። ግን ማንም ቀና ብሎ ፊታቸውን አያነሳም። እኔ ዝቅ ብዬ ስለማጥብ የማየው ፊታቸውን ነው። አንዳንዱ ያፍራል፣ እግሩን ሊሰበስብ ይታገላል። አንድ አባት «ልጄ፣ የተሰነጠቀውን አትንኪው፣ እሱ የመንገዱ ነው» ብለውኝ ያውቃሉ። አሁንም ድረስ ምን ማለታቸው እንደሆነ አላወቅኩም።

በዓሉን ካስገባህ ደግሞ በማሜ ጋራ፣ ማለትም ከቤተ ማርያም ግቢ በላይ ባለው ዳር፣ የቆሙትን ካህናት ብቻ አታድርግ። ላዩም ታቹም ነው ዜማውን የሚቀባበለው፤ ከላይ ዳር ዳሩን «ቤዛ ኩሉ» ሲባል ከታች ግቢው ውስጥ ያሉት ይቀበላሉ። አንድ ፎቶ ከላይ፣ አንድ ከታች አድርገህ በሁለት ፊት ለፊት ገጽ ብታስቀምጣቸው መቀባበሉ ይታያል።

የመንገድ ስንቅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡00

እህቴ፣ ያልሽው ሁለት ገጽ ገብቷል። እኔም እጅና እግር ብቻ ነው ያነሳሁት፣ አፈርኩ። ያንን የአባትን ቃል በመጽሐፉ ውስጥ፣ ያለ ስም፣ ላስገባው ትፈቅጂያለሽ?

እግር አጣቢዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡10

አስገባው። አንዱ አንባቢ ምን ማለታቸው እንደሆነ ከነገረህ ግን ንገረኝ።

የመንገድ ስንቅ
ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡20

ተመልሻለሁ። ናሙናው ወጣ! 80 ገጽ፣ በክር የተሰፋ፣ የማያብረቀርቅ። ከ31ዱ 26ቱ ፈቀዱ፤ ሦስቱ አልፈቀዱም፣ ሁለቱን አላገኘኋቸውም፣ አምስቱንም አውጥቻለሁ። ክፍት በቀሩት ገጾች የዕቃ ፎቶ ገባ፦ ቋጠሮ፣ ጫማ፣ በሶ የሚበጠበጥበት ቅል። ጃንጥላው ብቻውን ሙሉ ገጽ አለው። ባለቤቱን በስልክ አግኝቼው ነበር፤ «ዘርግተህ ያነሳኸው ካለ አታስገባ» ብቻ ነው ያለኝ።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ። ናሙናውን ይዤ ትናንት አንዲት እናታችን ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ታነብላቸዋለች፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ አልፎ አልፎ «እህ» ይላሉ። ሲያልቅ ገጹን ወደ መስኮቱ አዙረው ፎቷቸውን አዩና «እኔ ነኝ» አሉ። ደስ አለኝ። ቀጥለው «ታሪኩ ግን የእኔ አይደለም፣ የዚያች የቀይዋ ነው፣ አብራን የነበረችው» አሉ።

አባቴ የድጓ ቤት፣ ምክርዎ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን በማኅበራችን ሁለት ወለተ ማርያም አሉ። የድምፅ ፋይሎቹን በዓለማዊ ስማቸው ነበር ያስቀመጥኳቸው። ወደ ክርስትና ስም ስለውጥ የአንዷን ታሪክ ለሌላዋ ፎቶ ሰጥቼ ቁጭ አልኩ። ገጽ 22 እና ገጽ 46።

የድጓ ቤት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡40

ልጄ፣ ይህንንማ እኔ ነኝ ያመጣሁብህ። ፋይሎቹን ቁጥር ስጣቸው፤ ስሙ መጽሐፉ ላይ ብቻ ይሁን።

የግሸን ጎረቤት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሃሃሃ፣ እንኳን ከ26 ቅጂ በፊት ሆነ! እሳቸው ተቆጡ?

የመንገድ ስንቅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡30

የት ተቆጥተው! «አስተካክላለሁ እማማ፣ የእርስዎን እመልሳለሁ» ስላቸው ትንሽ አሰቡና «ተወው፣ የሷ ከእኔ ይሻላል። የኔው ቢቀርስ?» አሉ። ልጃቸው በሳቅ ሞተች።

ነጭ ሚዛን
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡35

ታዲያ ተውከው?

የመንገድ ስንቅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሌላዋን ወለተ ማርያም ነገ ከቅዳሴ በኋላ ጠይቄ ነዋ። እሳቸው ደግሞ ገጽ 46 ላይ ምን እንደሚሉ እንይ።